አንድ ሰዓት ላይ

ኅዳር 12 ማታ ነው። ኅዳር ሲታጠን። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ቆሻሻ ሲቃጠል ውሏል። ጭሱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ መጋረጃው ሳይቀር ጭስ ጭስ ይላል። እማዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ዳመና እግሯ ሥር ጥቅልል ብላ ተኝታለች። ዳመና ድመቴ ናት። ግራጫ ነች፣ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር።

መጀመሪያ የቀኝ ጉንጯ ርግብ ርግብ አለ። ዝንብ ያረፈባት ነው የመሰለኝ። ቀጥሎ ጆሮዋ። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ። ብሌኑ ሰፍቶ ቢጫው ጠፋ፣ ሁለት ጥቁር ቀዳዳ ብቻ ቀረ። ለሃጯ ተዝረበረበ። ወዲያው አንገቷ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ አራት እግሯ ግትር አለ፣ ከሶፋው ወደቀች። ወለሉ ላይ በጎኗ ሆና፣ የምትሮጥ ይመስል፣ አየሩን ትረግጥ ጀመር። ሽንቷ አመለጣት። ጥፍሯ ሴራሚኩን ሲቧጥጥ የሚያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ክብሪት! ክብሪት አምጪ!» አለች እማዬ።

ክብሪት አላመጣሁም። በረንዳ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ጭሱ ውስጥ ቆሜ ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ስመለስ ሁሉም አልቆ ነበር። እማዬ መሬት ተቀምጣለች። የተጫረ ክብሪት አጠገቧ ወድቋል። አውራ ጣቷ ይደማል፤ ምላሷን እንዳትውጥ ብላ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ነው። ዳመና ግድግዳ እየገጨች፣ እኛንም ሳትለየን፣ ክፍሉን ትዞራለች።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። በረንዳ ላይ የወጣችው ግን የስምንት ዓመቷ እኔ ነበርኩ።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ የሚጥለው ልጅ ነበር። ቢበልጠኝ ሁለት ዓመት ነው። ብይ ሲጫወት የሚያክለው አልነበረም። ሲጥለው ግን ሁላችንም እግሬ አውጪኝ ነው። አረፋው ከነካችሁ ወደ እናንተ ይተላለፋል ተብለናል። ትላልቆቹም ይሸሻሉ፣ ያማትባሉ። ልክፍት ነው ይባል ነበር። ቀርቦት የሚቀመጥ ሰው ካለ እናቱ ብቻ ነበረች። እሷ ገበያ ከሄደች ብቻውን ይወድቃል፣ ብቻውን ይነሳል። ተነስቶ ከንፈሩን ሲጠርግና ዙሪያውን ሲያይ፣ ሁላችንም አጥር ጥግ ቆመን እናየዋለን። አንድ ክረምት እሳት ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ከሰፈራችን ሄዱ።

የሚጥል በሽታ አይተላለፍም። በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ በመንካትም። የአንጎል ሕዋሳት የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ ልኩን ስቶ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ሲተኩሱ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። በሰውም፣ በውሻም፣ በድመትም ነገሩ አንድ ነው። ይህን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። እግሬ ግን አላወቀም ነበር።

በማግስቱ ዳመናን ካርቶን ውስጥ ከትቼ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ሰውየው ከሁለት ደቂቃ በላይ አላያትም። «የአይጥ መርዝ የበላ አይጥ በልታ ነው፤ ካልሆነም እብደት ነው፤ ብትገላገያት ይሻላል» አለኝ። መርፌ ወጋትና አሰናበተኝ። ድመት እኮ ናት፣ ሌላ ትመጣለች፣ የሚል ፊት ነበረው። እዚያ ክሊኒክ አልተመለስኩም።

ስለ እብደቱ ያለው ግን መናቅ የለበትም። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል። እኛ አገር ያልተከተበች ድመት ድንገት ተንቀጥቅጣ ሰው ከነከሰች መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው። ዳመና አልተከተበችም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበን፣ እማዬን ጤና ጣቢያ ወስጄ ክትባት አስጀመርኳት። ዳመናን ደግሞ መታጠቢያ ቤት ዘግተን 10 ቀን ጠበቅናት። በሽታው ምራቋ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ በ10 ቀን ውስጥ ትሞት ነበር። የአሥሩን ቀን ያህል ረጅም ጊዜ አላውቅም። ምግቧን በበሩ ሥር ገፋ አድርጌ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ስትበላ አዳምጣለሁ። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ በሩን ስከፍት ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ወጥታ በቀጥታ ወደ እማዬ ሄደች። የእማዬ ክትባት ቆመ፤ የዳመና ተጀመረ።

ጭሱ ነው አልን። አንዴ ነው፣ አለፈ አልን። ታኅሣሥ 3 ሌሊት ደገማት።

ሁለተኛዋን ሐኪም ያገኘኋት በጓደኛዬ በኩል ነው። ወጣት ናት። ደብረ ዘይት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማረች። ዳመናን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ዓይኗን በብርሃን አየች፣ እግሯን አንድ በአንድ አጥፋ በትክክል ትመልሰው እንደሆነ አየች፣ ልቧን ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አሁን አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ። «ሲጀምራት ምን አየሽ?»

ምንም። በረንዳ ላይ ነበርኩ። የሁለተኛው ቀን ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ነበር። እውነቱን ነገርኳት። አልሳቀችብኝም፣ አልተቆጣችኝም።

«እኔ ጋ ስትመጣ ጤነኛ ድመት ናት» አለች። «በሽታውን የምታይው አንቺ ነሽ። የሚቀጥለው ሲመጣ እንዳትሸሺ። እንዳትይዣት፣ አፏ ውስጥ ጣት እንዳትከቺ፤ ምላስ አይዋጥም። የሚያጋጫትን ነገር አርቂ፣ መብራት ቀንሺ፣ ሰዓት ያዢ። ከቻልሽ በስልክሽ ቅረጪ። ክብሪቱን ተዉት። መንቀጥቀጡ በአንድ በሁለት ደቂቃ ራሱ ይቆማል፤ ክብሪት ያቆመው የሚመስለው ለዚያ ነው።»

ከሷ ጋር ያሳለፍኩት አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ድመት ከዚያ በፊት ካወቅኩት ሁሉ ይበልጣል። ድመት ሲጥላት የግድ እንደ ውሻ ተዘርራ አትንፈራገጥም አለችኝ። ብዙ ጊዜ ከአንድ የአንጎል ክፍል ነው የሚነሳው። ጉንጯና ጆሮዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጯ ይወርዳል፣ አንድ ቦታ ፈዛ ትቀራለች፣ ወይም ያለምክንያት እንደበረገገች ቤቱን ትዞራለች። ባለቤቱ «አመል ነው» ብሎ ያልፈዋል። ያ የጉንጯ ርግብግብታ፣ ዝንብ ያልኩት፣ መጀመሪያው እሱ ነበር። ካለፈም በኋላ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት፣ ማየት የተሳናት ትመስላለች፣ ትደናበራለች፣ ይርባታል። ይህ በልብ ችግር ከሚመጣው ራስን መሳት ይለያል። ልቧ ያስቸገራት ድመት ዝልፍልፍ ብላ ትወድቅና ወዲያው ትነሳለች።

ቀጥሎ ጥያቄ መጣ። ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ አለ? ከደረጃ ወድቃ ታውቃለች? ለቁንጫ የተቀባች ነገር አለ? ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ለውሻ ተብሎ የሚሸጠው የቁንጫ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን የሚባል ነገር አለበት። ውሻ ምንም አይሆንም። የድመት ጉበት ግን ፈጭቶ ማስወገድ አይችልም፤ ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታል። ድመት ያላችሁ ሰዎች ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁልኝ ይበቃኛል።

ምን ትበላለች አለችኝ። ሳንባ፣ ከሉካንዳ፣ አንዳንዴ ከእንጀራ ጋር። ዓሣ ብቻ፣ ያውም ጥሬውን፣ የምትበላ ድመት ቢ1 ቫይታሚን አጥሯት ሊጥላት ይችላል። እኛ ጋ ያ አልነበረም።

ደም ተቀዳ። ስኳሯ አንሶ እንደሆነ፣ ጉበቷ፣ ኩላሊቷ፣ ጨውና ካልሲየሟ ታየ። ሁሉም ደህና። አሮጊት ድመት ብትሆን ደም ግፊቷና እንቅርቷም ይታይ ነበር፤ የአንጎል ዕጢም ያሰጋ ነበር። በአንድና በሰባት ዓመት መካከል ለጀመራት፣ በመሀል በመሀል ፍጹም ጤነኛ ለሆነች ድመት ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አይገኝም። እርግጠኛ ለመሆን ኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምስልና የአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራ ያስፈልጋል። ያን ማድረግ አልቻልኩም። ሐኪሟም አልደበቀችኝም። «ሌላው ሁሉ አይደለም ሲባል የሚቀር ስም ነው» አለች። ምክንያቱ ያልታወቀ የሚጥል በሽታ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን መስማት ያናድደዋል። እኔን ግን አሳረፈኝ። ልክፍት አይደለም፣ መርዝ አይደለም፣ ጭስም አይደለም። በሽታ ነው።

ከክሊኒኩ ስወጣ አንድ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ በፊት ምን ነበር፣ በኋላ ምን ሆነች።

ታኅሣሥ 17 ከቀትር በኋላ ሦስተኛው መጣ። እማዬ ቡና እየወቀጠች ነበር። ጉንጯ ሲጀምር አየሁት። እግሬ ወደ በረንዳው ዞሯል፤ ተሰምቶኛል። ተንበረከክሁ። ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። 70 ሰከንድ። ከሩቅ የሰማሁት ያ የጥፍር ድምፅ በቅርብ ሲሰማ ሌላ ነው። ትንሽ ነው። አንዲት ትንሽ እንስሳ አቅሟ ሳይፈቅድ የምትሠራው ድካም ነው። ሲቆም እስትንፋሷ እንደገና ሲገባ አየሁ። ጆሮዋ መጀመሪያ ተመለሰ፤ ወደ ድምፄ ዞረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙቀጫውን ጠመድኩት። ድምፁ ነው ብዬ። እንዲያው በጥርጣሬ አልነበረም፤ አንብቤ ነው። እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ድምፅ ሲሰሙ የሚጥላቸውን 96 ድመቶች መርምረው ጽፈዋል። ድምፆቹ ከየቤታችን ኩሽና የተለቀሙ ናቸው። የአሉሚኒየም ፎይል ሲጨማደድ፣ ማንኪያ የሸክላ ሳህን ሲነካ፣ ብርጭቆ ሲንኳኳ፣ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ሲንሿሿ። ከፍ ያለ ቀጭን ድምፅ። ባለቤቶቹ ለሐኪም ሲነግሩ የሚያምናቸው አጥተው ኖረዋል። እነሱም ያዩትን ይዘው ስለቀረቡ ነው በሽታው ስም ያገኘው። አብዛኞቹ ድመቶች ግን አሮጌ ናቸው፣ በአማካይ በ15 ዓመታቸው የጀመራቸው። ለነሱ ሌቬቲራሴታም የሚባለው መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል ከሚባለው ከተለመደው ይሻላል።

እኔ ቤት ቡና በሙቀጫ መውቀጥ ቀረ። እማዬ የተፈጨ ቡና እየጠጣች «ውኃ ነው» ትላለች፤ ግን ለዳመና ብላ ትጠጣለች። ደብተሩ ነው የፈረደው። እስከ ገና ዋዜማ ከመጡት አምስቱ ሦስቱ ሌሊት ነው የመጡት፣ ተኝታ፣ ቤቱ ጭጭ ባለበት። ሙቀጫው ምንም አላደረገም። መለስንላት።

የገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28፣ በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ጣላት። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ መጠበቅ አይቻልም። ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳይቆም ከቀጠለ ደግሞ ሩጫ ነው፤ አንጎል ይጎዳል፣ ሕይወት ያልፋል። ቪዲዮውንና ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ቪዲዮውን አራት ጊዜ አየችው። ፌኖባርቢታል ጻፈችልኝ።

ይህ መድኃኒት ዕድሜው ከመቶ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ፍራይቡርግ፣ ጀርመን፣ አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚባል ወጣት ሐኪም የሚጥላቸው ሕሙማን ባሉበት ይሠራ ነበር። ሉሚናል፣ ማለትም ይህንኑ ፌኖባርቢታል፣ የሰጣቸው እንዲተኙ ነው፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። እሱ ግን ከእንቅልፉ ሌላ ነገር ልብ አለ። መጣሉ ቀነሰ። የሌሊቱ ብቻ ሳይሆን የቀኑም። ጻፈው። ይሁዲ ስለነበር ናዚዎች በኋላ ከሥራው አባርረው ዳካው የሚባለው የማጎሪያ ካምፕ አስገቡት። ወጥቶ አሜሪካ ተሰደደ፣ እዚያው አረፈ። ዛሬም በዓለም ላይ ይህን እንክብል የሚውጥ ሰው ሁሉ፣ ድመቴም ጭምር፣ ያ ሰው አይቶ ባላለፈው ነገር ነው የሚታገዘው።

ለድመት የማይሆኑም አሉ። ውሾች የሚወስዱት ፖታሲየም ብሮማይድ የድመትን ሳንባ ያስቆጣል፤ እስከ መግደል ይደርሳል። ዲያዜፓም በየቀኑ በአፍ መስጠትም አይሞከርም። እ.ኤ.አ. በ1996 በ11 ድመቶች ላይ ጉበታቸውን በድንገት እንዳጠፋ የሚገልጽ ጥናት ወጥቷል። ስለዚህ ለራሳችሁ ወይም ለቤተሰብ የታዘዘ እንክብል ሰብራችሁ እንዳትሰጡ። ሌቬቲራሴታም ጥሩ ነው፣ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ ዋጋውም ለእኔ ከባድ ነበር።

ፌኖባርቢታል ቁጥጥር ያለበት ነው። ማዘዣውን ይዤ አራት ፋርማሲ ዞርኩ። አራተኛው ላይ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ገልብጦ ማህተሙን አየ።

«የማን ነው?»

«የድመት።»

ዝም ብሎ አየኝ። የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። ሰው መኖሩን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ ይሄን 20 ዓመት ወስዳዋለች» አለ። «እንዳታቋርጪባት። ዋናው እሱ ነው።» ስለ እናቱ ሲያወራ ለምን በሹክሹክታ እንደሆነ ልጠይቀው አልቻልኩም። አውቀዋለሁ።

ዳመና ያኔ 3.8 ኪሎ ነበረች። የታዘዘላት 7.5 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ነው፤ የ30 ሚሊግራሟ እንክብል ሩብ። በአዲስ ምላጭ ነጭ ወረቀት ላይ አራት ቦታ እከፍላታለሁ። የመጀመሪያው ቀን እንደሰጠኋት አረፋ ደፈቀች። ጮህኩ። ለካ መራራነቱ ነው፤ ድመት የሚመር ነገር ምላሷን ሲነካ አረፋ ታወጣለች። እማዬ ፈታችው። ለጋ ቅቤ። ሩቧን እንክብል በምስር ፍሬ የምታክል ቅቤ ጠቅልላ ከምላሷ ጀርባ ታስቀምጥላታለች። ከዚያ ጉሮሮዋ ላይ እንዳይቀር በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ትንሽ ውኃ። ሐኪሟ ስታይ «ይሄን ለሌሎች ደንበኞቼ እነግራለሁ» አለቻት። እማዬ ለሳምንት ያህል ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ከረመች።

ሰዓቱ አንድ ሰዓት ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ መድኃኒት የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ስልኬ ሰባትና አሥራ ዘጠኝ ይላል፣ እማዬ ግን አንዲት ቁጥር ብቻ ነው መያዝ ያለባት።

መጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። የኋላ እግሯ ይንገዳገዳል፣ ትተኛለች፣ ሶፋው ላይ ለመዝለል ሞክራ ትወድቃለች። በረንዳውን በሽቦ ወንፊት አሳጠርኩት። ወደ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እግሯ ጸና። የቀረው ረሃቡ ነው። ሌሊት ፍሪጁን ትቧጥጣለች። ዛሬ 4.4 ኪሎ ናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደሟ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ተለካ፤ በሊትር 19 ሚሊግራም። ለድመት ከ15 እስከ 45 ያለው ክልል ይሠራል ይባላል። መጠኑ እንዳለ ቀጠለ። ጥር በሙሉ ደብተሩ ላይ «ወሰደች፣ ወሰደች፣ ወሰደች» ከሚል ሌላ የለም።

የካቲት ላይ ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። አራት ቀን። በየማታው እደውላለሁ። «ደህና ናት፣ እየበላች ነው» ትላለች እማዬ። አልዋሸችኝም። ደህና ነበረች።

በአራተኛው ቀን ማታ ገባሁ። ዳመና በር ላይ ተቀበለችኝ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጉንጯ ጀመረ።

ሰዓት ያዝኩ። መብራት አጠፋሁ። ትራስ በጎንዋ አደረግሁ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። በሁለት ነበር የሚቆመው። ሦስት። እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታለች። አራት። ሐኪሟ ለክፉ ቀን ብላ የሰጠችኝ ዲያዜፓም ሲሪንጅ ፍሪጁ ላይ ካለው ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ይህኛው በአፍ አይደለም። በፊንጢጣ፣ አንድ ጊዜ፣ መንቀጥቀጡን ለመስበር ብቻ ነው። አምስት ሲሞላ ሰጠኋት። በስድስተኛው ደቂቃ እግሮቿ ላሉ። ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ ታክሲ ጠርቼ ሐኪሟ ጋ ሮጥኩ። ሌሊቱን እዚያው አደረች።

ቤት ስመለስ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። እማዬ አልተኛችም። ደብተሩን ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ከሄድኩበት ማግስት ጀምሮ ባዶ ነው።

«ድናለች ብዬ ነው» አለችኝ። «ደህና ሆና ሳያት፣ ይሄን መራራ ለምን አጠጣታለሁ ብዬ።»

ተቆጥቼ ነበር። ሐኪሟ በቀይ እስክሪብቶ «በድንገት አይቋረጥም» ብላ ጽፋለች። መድኃኒቱን የለመደ አንጎል ሲነጠቅ ከድሮው ብሶ ይነሳል። ይህን ሁሉ ልዘረግፍባት ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ።

«የዚያን ልጅ እናት መድኃኒቱን ያስጣልናት እኛ ነን።»

የትኛው ልጅ አላልኩም።

መድኃኒቱ ከአማኑኤል ሆስፒታል ነበር የሚመጣለት፣ አለች። ስምንት ወር ሳይጥለው ቆይቶ ነበር። ከዚያ ሴቶቹ ቡና ላይ ተሰብስበው፣ እማዬም አለችበት፣ ልጁ ደህና ከሆነ ምን ያደርግለታል አሏት። ያደነዝዘዋል፣ ትምህርቱን ያስረሳዋል፣ ጠበሉ ከመድኃኒት ጋር አይሆንም አሏት። እንክብሉን ጣለችው። እሳቱ ላይ የወደቀው በሳምንቱ ነው። ዕቃ ጭነው ሲሄዱ እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። እናቲቱ አላየቻትም።

«ለጠበሉ ማን አዘዘን?» አለች። «ጠበሉ አልከለከለም እኮ። እኛ ነን የከለከልነው።»

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ፣ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ፣ መስቃንና ማረቆ፣ ቤት ለቤት ዞረው ነበር። ከ60,820 ሰው 316ቱ የሚጥላቸው ሆነው ተገኙ። ከ1,000 ሰው አምስት ማለት ነው። አብዛኞቹ መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም። ይህን ያነበብኩት ከዚያች ሌሊት በኋላ ነው፤ ስለ ድመት ስፈልግ። ቁጥሩን ለእማዬ አነበብኩላት። «316» አለች። ደጋግማ አለችው። «እነሱስ ቤት ለቤት ዞሩ። እኛ እኮ ግድግዳ ነው የምንጋራ የነበረው።»

ዳመና በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። መጠኑ እንደነበረ ቀጠለ። ሚያዝያ ላይ አንድ ጊዜ፣ 20 ሰከንድ፣ ጉንጯና ጆሮዋ ብቻ። ከዚያ ወዲህ የለም። ድናለች አልልም። ምናልባት ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። ወደ ፊት እንቀንስ ካልንም ሐኪሟ ናት የምትወስነው፣ ያውም ቀስ በቀስ።

መድኃኒት መስጠቱን እማዬ ተረከበችኝ። እኔ ቤት ብኖርም እሷ ናት። ደብተሩንም እሷ ትጽፋለች። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ፊደሎቿ ትላልቅ ናቸው፣ አንዷ ሌላዋን ሳትነካ ይቆማሉ። ዛሬ ጠዋት ሥራ ልወጣ ስል ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አየሁት። ቅቤ የነካ ጣቷ ገጹ ጥግ ላይ ቢጫ ምልክት ጥሏል።

«ሰኔ 4። አንድ ሰዓት። ወሰደች። አልጣላትም። ልጁን ላፈላልገው ነው።»